መስተፋቅር ፍለጋ ሰላይ ኮሪያ የላከ ንጉሥ

አንድ በጥርጣሬው የታወቀ ንጉሥ ነበረ። አጠገቡ ሰው ካሳለ እንኳ ለማን ምልክት እንደሰጠ ያስጠይቃል። አንድ ቀን የከተማው ወጣቶች አደባባይ ላይ ተሰልፈው፣ በማያውቁት በኮሪያ ቋንቋ እየዘፈኑ እጅና እግራቸውን እኩል ሲያነሱ አየ። ደሙ ፈላ። "ማንም ሳያዛቸው እንዲህ ከተሰለፉ፣ የታዘዙ ዕለትስ?" አለ።

ወዲያው ታማኝ ሰላዩን ጠርቶ፣ "ዘፈኑ ውስጥ የጨመሩትን መስተፋቅር አግኝተህ ና" ብሎ ኮሪያ ላከው። የኮሪያ ዘፋኞቹ ፎቶና አድናቂዎቹ የሚያውለበልቡት መብራት ሁሉ ከየቤቱ ተለቅሞ በቤተ መንግሥቱ መጋዘን ታጎረ።

ያንን መጋዘን ክራር ደርዳሪው መምህር ጥላዬ ለማስተማሪያ እንዲሰጣቸው ንጉሡን ለሦስት ዓመት ሲለምኑት ነበር። ተማሪዎቻቸው ዛፍ ሥር ነው የሚማሩት፤ ሲዘንብ ይበተናሉ።

"ጃንሆይ፣ ክረምቱ ደረሰ። ከአሥራ ሁለት ልጆች የቀሩኝ አራት ናቸው። እነሱም ከሄዱ ይህን ዜማ የሚያውቅ አይኖርም" አሉ።

"በር ዘግታችሁ ምን ልታሴሩ ነው?" አለ ንጉሡ።

ሰላዩ በሦስተኛው ወር ተመለሰ።

"መስተፋቅሩስ?"

"አላገኘሁም ጃንሆይ። ያገኘሁት ዘፋኞች የሚሠለጥኑበት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ነው። አንዲት ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አንድ እርምጃ ትደጋግማለች። ፈገግታዋን ሳይቀር በመስታወት ታርማለች። ስድስት ዓመት ተምራ ገና ሰው ፊት አልዘፈነችም።"

"ማን አስገደዳት?"

"እኔም ጠርጥሬ ጠይቄያት ነበር። 'ማንም፤ እኔ ብወጣ ቦታዬን የሚፈልጉ በር ላይ ቆመዋል' አለችኝ። ይህንንም ስትል ፈገግ ብላ ነው። ፈገግታው የልቧ ይሁን የተማረችው፣ መለየት አልቻልኩም።"

"አንተንም አስነክተውሃል!" አለ ንጉሡ፤ አባረረውም።

በክረምቱ አጋማሽ ንጉሡ እንግዶች ጋበዘና፣ "የባዕዱ ከጆሯችን ይውጣ፤ የአገራችንን ክራር አሰሙን" ብሎ አዘዘ።

"መምህሩ ተስፋ ቆርጠው አገራቸው ገብተዋል ጃንሆይ" አለ አጋፋሪው።

"ተማሪዎቹስ?"

"አደባባይ ላይ ናቸው። የኮሪያውን ይዘፍናሉ።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጣሪ ነኝ። የዚያች ልጅ ፈገግታ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ለእሷ ክፍል የሰጣት ሰው ነበር፤ መምህር ጥላዬ ግን ክፍል የሚሰጣቸው አጡ። ከውጭ የሚመጣውን ሲፈትሽ የሚውል ሰው፣ እቤቱ ያለው ሲጠፋበት አያይም። ልጆቻችን የሰው ዘፈን ዘፈኑ ብለን ከመቆጣታችን በፊት፣ የእኛን የሚማሩበት ቦታ ሰጥተናቸው ነበር ወይ?

እርስዎስ የመጋዘንዎን ቁልፍ የከለከሉት ማንን ነው?