ልጅ የሌላቸው በሮች

አንድ ንጉሥ ፍርድ መስጠት ሰለቸው። የፈረደለት ሰው ወዲያው ይረሳዋል፣ የፈረደበት ግን እስኪሞት ይረግመዋል። በዚህ ሲብሰለሰል አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር ኮምፒውተር ይዞለት መጣ።

«ይህ ዕቃ የሚያስበው በምኑ ነው?» ሲል ንጉሡ ጠየቀ።

ነጋዴው ክዳኑን ከፈተለት። «አያስብም፣ ንጉሥ ሆይ። ውስጡ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ትንንሽ በሮች አሉ። እያንዳንዱ በር የሚያውቀው መከፈትና መዘጋት ብቻ ነው። ክፍት ማለት አዎ ነው፣ ዝግ ማለት አይደለም ነው። አንዱ በር ከፊቱ ያሉትን በሮች አይቶ ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ የእሱን ደግሞ የሚቀጥለው ያያል። እንዲህ እየተቀባበሉ መጨረሻ ላይ መልሱ ይወጣል። ጥያቄው ምን እንደነበር ግን አንዱም በር አያውቅም።»

«ከተሳሳተስ ማን ይረገማል?»

ነጋዴው ሳቀ። «በር ማን ይረግማል ብለው ነው?»

ንጉሡ የፈለገውን አገኘ። ኮምፒውተሩን ግን አልገዛም፤ የአገሩን መብራት ያውቀዋል፣ ሲመጣ እንግዳ ነው። ሰው ደግሞ መብራት አይፈልግም። ስለዚህ ረጅም አዳራሽ አሠራ፣ በሮችን በረድፍ አስተከለ፣ በየበሩም በረኛ አቆመ። ለፊተኞቹ በረኞች ስለ ተከሳሹ አንዳንድ ጥያቄ ይነገራቸዋል፦ ምስክር አለው? ዋስ አለው? ካለው ይከፍታሉ፣ ከሌለው ይዘጋሉ። ከኋላ ላሉት ስለ ሰውየው ምንም አይነገራቸውም። ከፊታቸው ያሉት ሁለት በሮች ክፍት ከሆኑ ይከፍታሉ፤ አንዱ እንኳ ከተዘጋ ይዘጋሉ። የመጨረሻው በር ከተከፈተ ተከሳሹ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከተዘጋ ይሰቀላል።

ደርበው የሚባል ሰው በኋለኛው ረድፍ በረኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው አይከብድም፣ ጥላ ውስጥ ነው። ሲተኛም ኅሊናው አይቆረቁረውም፤ ምን ሲሠራ እንደዋለ አያውቅማ።

ከዕለታት አንድ ቀን የደርበው አንድያ ልጅ አበጀ የሰው በሬ ነዳህ ተብሎ ተያዘ። እንዳልነካ የሚናገርለት ምስክር አገኘ። ዋስ ሲባል «አባቴን ጥሩልኝ» አለ። አባቱ ግን ሥራ ላይ ነው፣ በረኛ ደግሞ በሩን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ዋስ የለውም ተባለና አንዱ በር ተዘጋ። ደርበው ይህን በር አየና የራሱንም ዘጋ። ከዚያ ምሳውን በላ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱን እማዋይሽን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። «ልጃችንን ሰቀሉት» አለችው።

ደርበው እየሮጠ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። «ንጉሥ ሆይ፣ በልጄ ላይ የፈረደው ማን ነው?»

«ማንም» አለ ንጉሡ። «ከፊትህ ካሉት በሮች አንዱ ተዘግቶ ነበር?»

«አዎ።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«ዘጋሁ።»

«የታዘዝከውም እንዲያ ነው። ታዲያ የምትከሰው ማንን ነው?»

ያ ነጋዴ አዳራሹን ሊያይ ተጋብዞ እዚያው ቆሞ ነበርና አላስችል ብሎት ተናገረ። «ንጉሥ ሆይ፣ የእኔ ዕቃ በሮች እኮ ልጅ የላቸውም።»

ንጉሡ ጥቂት አሰበ። «እውነትህን ነው» አለ።

በማግሥቱ ልጅ ያላቸው በረኞች በሙሉ ተሰናበቱ፣ በቦታቸውም ልጅ የሌላቸው ተቀጠሩ። ደርበውን ግን ማንም አላሰናበተውም። ልጅ የለውማ።

ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ቢሠራ አይፈረድበትም፤ የተሠራውም ለዚያው ነው። ሰው ግን እንዲጠይቅ ተፈጥሮ ሳይጠይቅ ሲዘጋ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው በር የሚያንሰው እሱ ነው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ብለን ባለጉዳይ የመለስን ስንቶቻችን ነን? ዛሬ የመለስነውስ የማን ልጅ ነበር?