ወፍረሽ ተመለሺ

አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከውፍረቷ የተነሳ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት፣ ሐኪም ጨጓራሽ በቀዶ ሕክምና ይጥበብ አላት። ወጪውን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ግን ቦርጩን እያሻሸ፣ «መጀመሪያ አሥር ኪሎ ቀንሰሽ ቁርጠኝነትሽን አሳዪን» አላት።

ሴትዮዋ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች አሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰች። ከፋሲካ በኋላ እያነከሰች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዳ ሚዛን ላይ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ምሳ ዕቃውን እየከፈተ፣ «አሁንማ ደንቡ ለቀዶ ሕክምናው ከሚጠይቀው ክብደት በአንድ ኪሎ አነስሽ። ወፍረሽ ተመለሺ» አላት።

«እሺ ጌታዬ» አለች ወንበር እየሳበች። «በሬ እንኳ ከመታረዱ በፊት ሲደልብ ቀለቡን የሚችለው ባለቤቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን ከእርስዎ ጋር እበላለሁ። የቤትዎ ምግብ እንደሚያወፍር እርስዎን አይቼ አምኛለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ምሳ ዕቃውን ወደ ራሱ ስቦ የሕክምናዋን ወጪ መፍቀጃ ወረቀት ፈረመ።