ድንጋይ የተሸከመው ባልና የመጠለያው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በአንዲት የጎጃም ከተማ ከባል ዱላ ለሸሹ ሴቶች የተከፈተ መጠለያ ነበር። ኃላፊዋ ወይዘሮ አጸደ ሦስት ወጣት ሴቶችን ለተበደለች ሴት ጠበቃና መከታ የመሆንን ሙያ አሠለጠኑ። «በሩ ይጠበቅ፤ ሴቲቱ ከወገኗ አትቆረጥ፤ ውሳኔው የራሷ ይሁን» እያሉ ነበር ያስተማሯቸው። ሦስቱ ቃላት አንድ ቀን እርስ በርስ ሊጣሉ እንደሚችሉ ግን ለእሳቸውም አልታያቸውም። ሥልጠናው ሲያልቅ የተገኘው ሥራ ደግሞ ለአንዷ ብቻ ነበር፤ የመጠለያውን ቁልፍ ለምትረከበው።

በዚያው ሰሞን ጠጄ የምትባል ሴት ክንዷ ተሰብሮ፣ ጡት ያልጣለች ልጇን ጥላ ሸሽታ መጣች። ክሷ ሰኞ ሊሰማ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሏ ዳምጤ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ እንደ አገሩ ወግ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ቆመ። «ይቅር ብያለሁ» ካላለችው ድንጋዩ አይወርድም። ይቅር ማለት ደግሞ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ በዚያ አገር ሌላ ዓይነት ይቅርታ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ልጅቱ በአንዱ ሽማግሌ እቅፍ ሆና ታለቅሳለች።

ወይዘሮ አጸደ በመስኮት አዩ። መውጣት ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን «ፈተናው በእግሩ መጣልኝ» ብለው ቀሩ። የቀሩትም ለመቀመጥ አይደለም፤ እግራቸው አላርፍ ብሎ ክፍሉን ይዞሩት ጀመር።

ከሦስቱ ሠልጣኞች አንዷ ትርንጎ በሩን ቆልፋ ከውጭ ቆመች። «እዚህ ሽምግልና የለም። ነገ ፍርድ ቤት።»

«አንቺ ልጅ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ዛሬ አያልቅም» አለች። ዳምጤ ሊገፋት ቢጠጋ ንቅንቅ አላለችም። ሽማግሌዎቹ ግን ተቆጥተው ልጅቱን እንደያዙ ሊመለሱ ተነሡ።

ይኼኔ ሁለተኛዋ ሙሉጎጃም ማንንም ሳታስፈቅድ በጓሮ ወጥታ ደረሰችባቸው። የትልቁን ሽማግሌ ጉልበት ሳመች። «አባቴ፣ ሕፃኗ ምን አጠፋች? ለእናቷ ይስጡልኝ።»

«እናትየውስ ይቅር ትለዋለች?»

ሙሉጎጃም መለሰች። «ትለዋለች።» በዚህች ቃል ልጅቱን ተቀብላ በጓሮ ለእናቷ አስረከበች። ጠጄ ግን እንዲህ ያለ ቃል ለማንም አልሰጠችም።

ሦስተኛዋ እንዬ ይኼ ሁሉ ሲሆን ከጠጄ አጠገብ አልተነሣችም። ምክር የለ፣ ማባበል የለ። ከሙሉጎጃም የሰማችውን፣ በስሟ የተገባውን ቃል ሳትደብቅ ነገረቻትና «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እዚያው ክፍል ይዞሩ የነበሩት ወይዘሮ አጸደ የነጠላቸውን ጫፍ ሊበጥሱት ደረሱ። በመጨረሻ ጠጄ «ልውጣ» አለች። እንዬም ትርንጎ የቆለፈችውን በር ከውስጥ ከፈተችው።

«አብደሻል እንዴ? ድንጋይ ተሸክሟል እኮ!» አለች ትርንጎ።

ጠጄ ልጇን በደህናው ክንዷ ታቅፋ ባሏ ፊት ቆመች። «ዳምጤ፣ ድንጋዩን አውርድ። ይቅር ብዬሃለሁ። ቤትህ ግን አልመለስም። ነገ ፍርድ ቤት እንገናኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ድንጋዩ ወረደ፤ አንዴ ይቅር ከተባለ በኋላ ደግሞ ተመልሶ አይነሣም።

ሲመሽ ወይዘሮ አጸደ ሦስቱን ሰብስበው ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣሉ። ለትርንጎ ልስጥ ሲሉ ርቃ ልትወሰድ የነበረችው ሕፃን ለቅሶ ይሰማቸዋል። ለሙሉጎጃም ሲሉ ያ በሰው አፍ የተገባ ቃል ያንገበግባቸዋል። ለእንዬ እንዳይሉ፣ ዳምጤ ድንጋዩን ወርውሮት ቢሆንስ? በመስኮት እያዩ ያልወጡት እሳቸው ራሳቸውስ ፈራጅ ሊሆኑ ነው? እንዲህ እያሉ ተነሥተው ይቀመጣሉ፣ ተቀምጠው ይነሣሉ። ሌሊቱ ደግሞ አይጠብቅም፤ ጠዋት ከጠጄ ጎን ፍርድ ቤት የምትቆመው ቁልፉን የያዘችው ናት። ዳምጤም እዚያው አለ፣ ያለ ሽማግሌና ያለ ድንጋይ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ቁልፉ ለማን ይገባል?