ወደ ኋላ የተመታችው ኳስ

«አንድ ሰው ነበረ» አለ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። ጎረቤታችን አስካለች ለጠየቀችው መልስ መስጠቱ ነበር።

አስካለች ፀጉር ሠሪ ናት። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ነበር። ኋላ ነርስ እሆናለሁ ብላ ቆርጣ ተነሣችና የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈተነች፤ ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስቴም ወደቀች። «የልጄ ትምህርት ቤት መምህር ከሰባተኛ ጀምሪ ይለኛል። ሰባተኛ ክፍል ያለችው እኮ ልጄ ናት! ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ልቀመጥ፣ ጋሽ ወንድይራድ? ወደ ኋላ መመለስ ውርደት አይደለም?» ነበር ያለችው።

እሱም እንዲህ ሲል ቀጠለ።

ሰውየው ሀብታም ነበረ፤ ጎልፍ ይጫወታል። ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ የማስገባት ጨዋታ ነው፤ በጥቂት ምት ያስገባ ያሸንፋል። የሚጫወትበትን ቦታ ሜዳ ይሉታል እንጂ ሜዳ አይደለም፤ ተራራ ነው። ኳሷን ቁልቁል ከመቷት ከታሰበላት አልፋ ሸለቆ ትገባለች፤ ሽቅብ ከመቷት ከመንገድ ትመለሳለች። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ተወራረዱ፦ የተሸነፈ የአሸናፊውን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወደ ጎልፍ ክበቡ በር የሚያወጣውን ዳገት ይወጣል። ሀብታሙ ጃንጥላውን እንኳ ሰው ነበር የሚይዝለት፤ ስለዚህ ውርርዱ ቀላል አልነበረም።

እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ እኩል ሄዱ። የመጨረሻው ጉድጓድ ቀጥ ካለ ዳገት አናት ላይ ነው፤ አጠገቡ ባንዲራ ተተክሏል። የሀብታሙ ኳስ ዳገቱ ሥር ጥግ ላይ አረፈች። ከዚያ ሆኖ ሲያይ ከባንዲራው ጫፉ ብቻ ይታየዋል። መታት፤ ግማሽ ወጥታ ተንከባልላ ተመለሰች። ደገመ፤ ተመለሰች። ሠለሰ፤ ያው ናት።

«ወዳሃለች መሰለኝ!» አለ ጓደኛው ከላይ ሆኖ። «ከእግርህ ሥር አልለይም አለች።»

ዱላ የሚሸከምለት ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ወደ ኋላ ይምቷት። ከኋላችን ያለው ደልዳላ ላይ ካረፈች ባንዲራው በሙሉ ይታይዎታል» አለው።

«ወደ ኋላ? ሰው ምን ይለኛል?» አለና በንዴት አራተኛውን መታ። ኳሷ መጥታ በሁለት እግሮቹ መካከል ቆመች።

ሰውየው ላቡን ጠረገ። ከዚያ ጀርባውን ለባንዲራው ሰጥቶ ኳሷን ወደ ኋላ ሰደዳት። ከላይ ሆነው የሚያዩት ሰዎች በሣቅ ፈነዱ። አንዱ «ኧረ ጌትዬ፣ ባንዲራው በዚህ በኩል ነው!» ብሎ ጮኸ። እሱ ግን ደልዳላው ላይ ቆሞ ዳገቱንም ባንዲራውንም አንድ ላይ አየ። የሚቀጥለው ምት ዳገቱን ዘለለና ጉድጓዱ አጠገብ ወደቀ። አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርጋት ገባች።

ነገር ግን በአንድ ምት ተሸነፈ። የጓደኛውን ከረጢት አነገተና የክበቡን ዳገት እያለከለከ ይወጣ ጀመር፤ ጓደኛው ፊት ፊት እየሄደ «ቀስ በል፣ ዱላዎቼ እንዳይጋጩ!» ሲለው ሀብታሙ ራሱም ሣቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ይኸው!» አለች አስካለች። «ተመልሶም ተሸነፈ እኮ!»

ባለቤቴ ወደ እሷ ዞረ።

«ከረጢቱን ያሸከመችው ወደ ኋላ የመታት ምት መሰለችሽ? አይደለችም፤ ዳገቱ ሥር ያባከናቸው አራቱ ናቸው። ሁለተኛዋ ስትመለስበት ሰው ምን ይለኛል ሳይል ዞሮ ቢሆን ኖሮ፣ ከረጢቱን የሚሸከመው ጓደኛው ነበር። አንቺም ዳገት ሥር ነሽ፣ አስካልዬ። ፈተናው ሦስት ጊዜ መልሶሻል። ሰባተኛ ክፍል ማለት ደልዳላው ነው፤ የሚሥቅ ይሥቅ። አራተኛውን አትምቺ። ሰኞ ሂጂና ልጅሽን ‹እስቲ ጠጋ በይልኝ› ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ።»