አስረኛዋ ጣት

አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ የካንሰር ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል፣ ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። እጇ ቀላል ነው፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ወግቶ ያጣውን ደም ሥር እሷ በአንዴ ታገኘዋለች። ሰነፍ አልነበረችም፤ ክፉም አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስህተት የሚሠሩት ሰነፎችና ክፉዎች ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ስለሆንን ነው።

አንድ ነገር ግን አትወድም ነበር፤ ስልጠና።

በየዓመቱ ነርሶች ዕውቀታቸውን የሚያድሱበት ስልጠና ይዘጋጃል። ሲስተር አስካለ መሄዱንስ ትሄዳለች። ከስሟ ፊት ለፊት ትፈርማለች፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር ትይዛለች፤ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ብስኩቷን በሶፍት ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ሰርተፍኬቱን በሰው ታስመጣለች። ለምን እንደማትቀመጥ ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው።

"እኔ የተማርኩት በሽተኛ አልጋ ዳር ነው። ወረቀት ላይ ያለ ሕመም ማንንም አሞ አያውቅም።"

በዚያ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ፣ አባባ ይፍሩ የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ተኝተው አልኩ እንጂ እሳቸውስ አይተኙም፤ ሌትም ቀንም ትራስ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጉድጓድ በመቆፈር ነው፤ ሦስት ወረዳ ውስጥ የሳቸውን ውኃ ያልጠጣ ቢፈለግ አይገኝም ይባላል። አሁን ካንሰሩ ከፕሮስቴት ተነሥቶ የወገባቸው አጥንት ላይ ወጥቷል። ሐኪሞቹ አጥንቱ እንዳይሰበርና እግራቸው እንዳይከዳቸው አምስት ጊዜ የጨረር ሕክምና አዘዙላቸው። ሁለቱን ወስደዋል፤ ሦስት ቀርቷቸዋል። ሦስቱን ካልጨረሱ ቀሪ ዘመናቸውን በሰው ትከሻ የመንቀሳቀስ ዕጣ ሊገጥማቸው እንደሚችል ተነግሯቸዋል።

ሲስተር አስካለ አባባ ይፍሩን ከልቧ ትወዳቸዋለች። በየጠዋቱ የአልጋቸው ግርጌ ቆማ "እንዴት አደሩ አባባ?" ትላለች። እሳቸውም "ተመስገን! እናንተስ እንዴት አደራችሁ?" ይላሉ። ያን ጊዜ ካርዳቸው ላይ "ሕመም" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት "የለም" ብላ ትጽፋለች። ሌላ በሽተኛ ሲያቃስት ከሰማችም ወደ እሳቸው ትጠቁማለች።

"እስቲ አባባን እዩ! ጨዋ በሽተኛ ማለት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሲያስቸግሩ ሰምታችኋል?"

አባባ ይፍሩ ፈገግ ይሉና ትራሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያቅፋሉ።

የዚያ ዓመት ስልጠና የሕመም ማስታገስ ነበር። አሠልጣኟ ሲስተር ሶስና ናት፤ ከዓመታት በፊት ለልምምድ ስትመጣ እጇን ይዛ መርፌ ያስተማረቻት አስካለ ነበረች። አስካለ የኋላው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ብላ አጠገቧ ላለችው ነርስ አንሾካሾከች።

ሶስና ከስልጠናው በፊት የካንሰር ክፍሉን ካርዶች ተመልክታ ነበር። የበሽተኞቹን ስም ሸፍና አንድ በአንድ አነበበች።

"አሥራ አራት የካንሰር ሕሙማን። ሕመም? የለም። ሕመም? የለም። ይሄኛውም የለም።" ወረቀቱን አስቀመጠች። "አሥራ አራት ሰው ካንሰር ይዞት አንዱንም አያመውም። ከዚህ የሚበልጥ ጸበል ካለ ንገሩኝ፤ እናቴን ልውሰዳት።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አስካለ አልሳቀችም። አሥራ አራቱም የሷ ጽሑፍ ነበር።

ሶስና ቀጠለች። "እኛ ዘንድ እንዴት አደርክ ሰላምታ ነው። ሰው ቤቱ ተቃጥሎበትም ተመስገን ይላል። ባህላችን ነው፤ ያምራልም። ካርድ ላይ ግን አይጻፍም። ሰላምታውን ጨርሱና ወንበር ስባችሁ ቁጭ በሉ። የት ያምዎታል በሉ። ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው በሉ። መናገር ያፈረ በጣቱ ያሳያችሁ።"

አስካለ ብድግ አለች።

"ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ያመመው ይናገራል። ያልተናገረን ሰው ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?"

"ሲስተር፣" አለች ሶስና በትሕትና፣ "ደም ሥር ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም፤ በጣትሽ ዳብሰሽ ፈልጊው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሕመምም እንደዚያው ነው።"

አስካለ የራሷ ቃል ሲመለስባት ተናደደች። ሻዩንም ብስኩቱንም ሳትጠብቅ ከአዳራሹ ወጥታ ወደ ክፍሏ አመራች። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ አባባ ይፍሩን ጠይቃ፣ "ምንም አያመኝም" አሰኝታ፣ ተመልሳ ያችን ልጅ በሰው ፊት ማሳፈር።

አባባ ይፍሩ እንደ ወትሯቸው ትራሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከአልጋው ሥር ግን አንድ የተቋጠረ ጓዝ አየች።

"ይሄ ምንድን ነው አባባ?"

"ልሄድ ነው ልጄ። ዝናሽ መኪና ተነጋግራለች፤ ነገ ትወስደኛለች።" ዝናሽ አስታማሚ ልጃቸው ናት።

"ሦስት ጨረር ይቀርዎታል እኮ!"

"ተሽሎኛል። ይበቃኛል፤ ተመስገን።"

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አስካለ "እንግዲያው እግዜር ይማርዎት" ብላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን እልህ ይዟታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ አልጋ ዳር ነው የተማርኩት ስትል ኖራ፣ አልጋ ዳር ቁጭ ያለችበትን ቀን ማስታወስ አቃታት። ሁልጊዜ ቆማ ነበር።

"አባባ፣ ሰላምታውን እንተወውና፣ ያምዎታል ወይ? ምንም ከሌለ ዜሮ ይበሉኝ። ከዚህ የባሰ ሕመም የለም ካሉ አስር። አፍዎ ካፈረ በጣትዎ ያሳዩኝ።"

አባባ ይፍሩ ወደ በሩ ተመለከቱ። ልጃቸው አልነበረችም። ትራሱን ከደረታቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያም ሁለቱን እጆቻቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉ። አስካለ ቆጠረች።

"ዘጠኝ?"

"አስረኛዋን ድንጋይ በልቷታል፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርታለች" አሉ ሽማግሌው። "ብትኖር እሷንም አነሣት ነበር።"

አስካለ እጃቸውን አየች። በየቀኑ መርፌ የምትሰካበት እጅ ነው። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ከሥሯ የለችም።

"ለምን አልነገሩኝም አባባ?" አለች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።

"መቼ ጠየቅሽኝ? እንዴት አደሩ አልሽኝ፤ ተመስገን አልኩሽ። ለሰላምታ ሌላ ምን ይመለሳል? ደግሞስ በሰው ሁሉ ፊት ጨዋ በሽተኛ አላልሽኝም? ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ላቃስት?" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እዚያ የጨረሩ ማሽን ላይ በጀርባዬ ሲያስተኙኝ ጉድጓድ የተናደብኝ ያህል ነው። ሁለቱን ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሦስቱን አልችለውም። ሳልጮህና ሳልዋረድ ቤቴ ልግባ ብዬ ነው።"

አስካለ ወደ አዳራሹ የተመለሰችው እየሮጠች ነው። የሻይ ሰዓት ነበር። ሶስና ብርጭቆዋን እንደያዘች በሰው መሐል አገኘቻት። ልታሳፍራት ባሰበችበት ቦታ ላይ ቆማ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ያላቸውን ጣት ሁሉ አነሡ። ምን ላድርግ?" አለቻት።

ሶስና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ሐኪሙን እንጥራ። የሚጠጣ ሞርፊን ሊያዝላቸው ይችላል።"

"ሞርፊን? ገና ናቸው እኮ!" በአስካለ ዘመን ሞርፊን የሚታሰበው ቄሱ ከተጠራ በኋላ ነበር። "ሱስ ቢሆንባቸውስ? ትንፋሻቸውን ቢይዘውስ?"

"ሐኪም ለክቶት፣ ከትንሽ ተጀምሮ፣ እኛም እየተከታተልን ሲሰጥ፣ ለካንሰር ሕመም ሱስ የመሆኑ ነገር እምብዛም ነው። በየአራት ሰዓቱ ይጠጣሉ። ሕመሙ እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ቀድመነው እንገኛለን። ሆድ ስለሚያደርቅ ለሱም ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል።" ሶስና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይሄ ሁሉ ባለፈው ዓመት ስልጠና ላይ ተነግሯል፣ ሲስተር።"

"ከሻይ በፊት ነው ከሻይ በኋላ?"

"ከሻይ በኋላ።"

አስካለ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። የሞርፊኑ ጠርሙስ የነበረው በራሷ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉም በራሷ ኪስ ውስጥ። ስንት ጊዜ ከዚያ ቁም ሣጥን አጠገብ ቆማ "ቻሉት" ብላ ነበር? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተመስገን ብለዋት የሞቱ ሰዎች ፊት መጣባት፤ የአንዳንዶቹን ስም እንኳ ታስታውሳለች። ከባድ ነበር፤ ማንም ባይወቅሳትም ከባድ ነበር።

ሶስና ክንዷን ያዘቻት። "ባላወቁት ማን ይጠይቅዎታል? አሁን ግን አውቀዋል። ይልቅ ቁልፉን ያምጡ።"

ሐኪሙ መጥቶ አባባ ይፍሩን መረመረ፤ መድኃኒቱንም አዘዘ። የመጀመሪያዋን መጠን በገዛ እጇ ለክታ ያጠጣቻቸው አስካለ ናት። ከዚያ በኋላ ሰዓት ጠብቃ እየመጣች፣ እየተቀመጠች፣ ጣት ስትቆጥር ዋለች። ማምሻውን ከሥራ ስትወጣ ለተረካቢዋ ነርስ ካርዱን ብቻ ሰጥታ አልሄደችም፤ እጇን ይዛ አልጋው ድረስ ወሰደቻትና እንዴት እንደሚጠየቁ አሳየቻት። ጣቶቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ ስድስት ሆኑ፤ አምስት ሆኑ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዝናሽ አባቷን ልትወስድ መጣች። መኪናው ደጅ ቆሟል። ወደ ክፍሉ ስትገባ ግን አባቷ ትራሳቸውን ታቅፈው አልተቀመጡም። በጀርባቸው ተዘርረዋል። አይንቀሳቀሱም።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች።

አስካለ ከወዲያ ጥግ ሮጣ መጣችና እጇን አፏ ላይ ጫነችባት። "ኧረ ቀስ! እንዳትቀሰቅሺያቸው።"

ዝናሽ ጆሮዋን ጣለች። አባባ ይፍሩ እያንኮራፉ ነበር። ያውም እንዴት ያለ ማንኮራፋት! አጠገባቸው ያለው በሽተኛ ትራስ ጆሮው ላይ ደፍቶ ነበር።

ዝናሽ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትስቃለችም ታለቅሳለችም። "አባቴ ጋደም ካለ ሁለት ወሩ ነው እኮ ሲስተር።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነው። ጨዋ በሽተኛ ብላኛለች፤ አታዋርጂኝ አለኝ።"

አስካለ ይህንንም ዋጠችው። የሚገባት ነበርና።

"መኪናውን ታዲያ ምን ልበለው?" አለች ዝናሽ ዓይኗን እየጠረገች።

"ሦስቱን ጨረር ሲጨርሱ ይምጣ በይው።"

ሦስቱንም ጨረሱ። ከማሽኑ ላይ ጥርሳቸውን ሳይነክሱ ተነሡ። የሚወጡ ዕለት አባባ ይፍሩ ምርኩዛቸውን ይዘው በገዛ እግራቸው እስከ በሩ ሄዱ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

"እንዴት አደሩ አባባ?"

"ተመስገን" አሉ። ከዚያ ቆም ብለው አንድ ጣት አነሡ። "ያ ለሰላምታሽ፤ ይሄ ደግሞ ለካርድሽ።"

አስካለ አንድ ብላ ጻፈች። በዚያ ክፍል ውስጥ "የለም" የሚል ቃል ሳይጠየቅ የተጻፈበት ካርድ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። አሥራ አራቱም ተጠየቁ። ሁለቱ ዜሮ አሉ፤ የቀሩት ግን ከኖሩበት ሥቃይ አንድ በአንድ እየተፈለጉ ወጡ።

በቀጣዩ ዓመት ስልጠና ላይ ሲስተር አስካለ የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ብስኩቷንም እዚያው በላች። ሲያበቃ ሶስና ሠልጣኞቹን "ስልጠናው ከአስር ስንት ጠቀማችሁ? በጣት አሳዩኝ" አለቻቸው። አስካለ አንዲቷን ትንሽ ጣቷን አጥፋ ዘጠኙን አነሣች።

"አስረኛዋስ፣ ሲስተር?" አለች ሶስና እየሳቀች።

"እሷ ገና ያልተማርኩት ናት።"

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ይህ ታሪክ የሚጨምርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተጠመጠመም በኋላ መማሩ አይቋረጥ። አስካለ ፍቅር አልጎደላትም፤ ልምድም አልጎደላትም። የጎደላት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ያን ጥያቄ ደግሞ ያገኘችው ንቃ ከምትወጣበት አዳራሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መሥራት ትልቅ ነገር ነው። ግን ያንኑ አንድ ዓመት ሃያ ስድስት ጊዜ ደጋግመን እንዳንሠራው የሚጠብቀን ካለማወቃችን ጋር በየዓመቱ ቁጭ ብለን መነጋገራችን ነው።

ነርስ ላልሆናችሁም ይሠራል። ዛሬ ጠዋት ስንት ሰው ተመስገን አላችሁ? ከመካከላቸው ወንበር ስባችሁ አጠገቡ የተቀመጣችሁት የትኛው ነው?