የጋራዥ ሰፈር መርዶ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ መብራት በፈረቃ በሆነብን ሰሞን፣ እዚሁ ጋራዥ ሰፈር የሆነ ነገር ነው። ስነግራችሁ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። መሃል ላይ እየገባ «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚል ካለ ተነስቼ እሄዳለሁ። ስጨርስ እንደፈለጋችሁ ትጯጯሃላችሁ።

ሰፈራችን ድረ ገጽ ነበረው። አትሳቁ! «የጋራዥ ሰፈር ወሬ» ይባላል። ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ትራንስፎርመር እንደተቃጠለ፣ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ የምናነበው እዚያ ላይ ነው። ያቆመው ጎረቤት ነው። አንዱ ኢንተርኔቱን አካፈለ፣ አንዷ ጠረጴዛ ሰጠች፣ ፎቶ ቤት ያለው ሰውዬ አሮጌ ኮምፒውተሩን አመጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ሰርቪስ ቤታቸውን «ኑ ግቡበት» ብለው በነጻ ለቀቁ።

የሚሠሩበት ሦስት ናቸው። ውብአንቺ ትጽፋለች። ምስክር ፎቶ ያነሳል፣ ገጹንም ያስተካክላል። ጋሽ ደርበው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የሞት ወሬ እሳቸው «እውነት ነው» ካላሉ አይወጣም። አንድ ጊዜ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሞተ ውሻ ተገኝቶ፣ ሦስቱም «ሕዝብ እንዳይደናገጥ» ብለው ወሬውን አንድ ቀን አሳደሩት፤ ስንቱ ሕፃን በተቅማጥ ተሰቃየ። ከዚያ ወዲያ ሦስቱም በሰፈሩ ፊት ማሉ። «ያወቅነውን አናሳድርም፤ ውሸትም አንጽፍም» አሉ። እኛም አመንናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ይርዳው። የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነው። ከሰፈራችን አራት ልጆች በዚያ መስመር ይነዳሉ። ሰኞ ዕለት የይርዳው መኪና በረሃ ላይ ተገለበጠና ሞተ። በቃ፣ ሞተ፤ ይህን ማለስለሻ የለኝም።

እናቱ ደግሞ ገና ቅዳሜ የዓይን ሞራ አስገፍፈው ነበር። አንደኛው ዓይናቸው ድሮ ነው የጠፋው። የቀራቸው ያው አንዱ ነው፤ እሱም ተገፎላቸው ከስንት ዓመት በኋላ ፊደል ለየላቸው። ሐኪሙ «ለአንድ ሳምንት አያጎንብሱ፣ አያልቅሱ፣ ዓይንዎን አይንኩ፤ ከነኩት ይጠፋል» ብሏቸዋል።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለጋሽ ደርበው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው እንጂ፣ እንዲሁ አይወረወርም። እሳቸውም «ዓይኗ እስኪድን፣ ሳምንቱ እስኪሞላ፣ ትንፍሽ የሚል የለም» ብለው ቆረጡ። ማክሰኞ አራት ሽማግሌ ይዘው ሄዱና ይርዳውን በአባቱ አገር አስቀበሩት። እናት ቀብር ላይ አልቆመችም። ማምሻውን ተመልሰው እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ገቡ።

«ይርዳው ደውሎ ነበር» አሏቸው። «ኔትወርክ የለም፤ ደህና ነኝ በልልኝ ብሏል።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እየሳቁ። «ይምጣ ብቻ፣ በአዲሱ ዓይኔ ላየው ነው።»

ጋሽ ደርበው ወጥተው ከጋራዡ ጀርባ ሄደው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። አይቻቸዋለሁ። ውሸታም ናቸው የሚል ካለ ያን ልቅሶ ይመልስልኝ።

አምስት ሽማግሌ ነጠላ አዘቅዝቆ መኪና ሲሳፈር ግን ሰፈር አያይም? ረቡዕ ጠዋት «የጅቡቲ ልጆች አራቱም አለቁ» ተባለ። አንዱ ቤት ውስጥ ጩኸት ተጀመረ፤ ልጁ በሕይወት ያለ ሰው ድንኳን ሊተክል ነበር። ውብአንቺ ለጋሽ ደርበው ደወለች፤ የሞተው ይርዳው ብቻ እንደሆነ ነገሯት።

«ጋሼ፣ ምለናል እኮ።»

«ለእሷ ዓይን ስትይ ዝም በይ።»

«የሌላውስ እናት?»

ስልኩን ዘጉባት። እሷም ለምስክር ነገረችውና ቁጭ ብላ ጻፈች። «በጅቡቲ መስመር በደረሰ አደጋ የአንድ ልጃችን ሕይወት አልፏል። ሦስቱ ደህና ናቸው። ቤተሰቡ ሳይረዳ ስሙን አንገልጽም።» አልዋሸችም፣ መርዶም አልወረወረችም። ጩኸት የጀመረው ቤት ጋብ አለ። ግን ወዲያው በአራቱም ደጅ «አንዱ የኔ ነው» የሚል ፍርሃት ገባ። አይ፣ በአራቱም አይደለም፤ በሦስቱ። እትዬ ጥሩወርቅ ጽሑፉን ራሳቸው አነበቡ፤ ልጃቸው ትናንት ደውሏል ተብለዋልና ለሌላዋ እናት አዘኑ። ያንጀት ነገር፣ ነጠላቸውን ለብሰው ሊያጽናኑ ወጡ።

የሄዱት ዘቢደር ቤት ነው። ዘቢደር የአንዱ ሾፌር ሚስት ናት፤ ሁለት ጊዜ አስወርዷት በሦስተኛው ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጽሑፉን ካየች ጀምሮ ወገቧን ይዟታል። የመጣችው አዋላጅ «ካልተረጋጋች ልጁም አይተርፍ» አለች። የባሏ ስልክ በረሃ ላይ አይሠራም። ምስክር ደግሞ የዘቢደር ጎረቤት ነው፤ ሮጦ ገባ። ሲገባ እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን ያሻሉ።

ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ያንቺ አይደለም። እናቴን ይንሳኝ፣ ያንቺ አይደለም» አላት።

«ለመርዶ ሲሆን የማይምል አለ እንዴ?» አለችው። እውነቷን ነው። እዚህ ሰፈር ሰው ሞቶ ማንም «ደህና ነው» ያላለ የለም፤ ሁላችንም ብለናል። «ገጹ ላይ ስሙን ጻፉት። እዚያ አትዋሹም።»

ምስክር ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞረና «እትዬ፣ ቤት ላድርስዎት፤ ዓይንዎ አልዳነም» አላቸው።

«ውይ፣ ይቺን ልጅ በዚህ ሰዓት ጥዬ የት እሄዳለሁ? አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ።»

ዘቢደር እንደገና ጮኸች። ምስክር በር ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ አንዴ አየና ጻፈ። «ያረፈው ይርዳው ነው።»

ዘቢደር ስልኳን አየች። «ተመስገን!» አለች፤ ከአፏ አመለጣት። ከዚያ አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ ትዝ አላት፤ ክው አለች። እትዬ ጥሩወርቅ «ምን አለ? እስቲ» ብለው ስልኩን ከእጇ ወሰዱና በዚያች በአንዷ ዓይናቸው አነበቡት። የሚይዛቸው ሽማግሌ አልነበረም፣ ዘመድም አልነበረም። በግንባራቸው መሬት ላይ ተደፉ፣ ፊታቸውን ነጩ። አዋላጇና ምስክር ሁለት ሆነው እጃቸውን መያዝ አቃታቸው።

የዘቢደር ምጥ ቆመ፤ ልጁ ወሩን ጠብቆ ተወለደ፣ ደህና ነው፣ ጮማ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ዛሬ ምንም አያዩም።

ከሰማንያው በኋላ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ግማሹ «ድረ ገጹ ይዘጋ» አለ፤ ኢንተርኔት ያካፈለው ሰውዬ «መስመሬን እነቅላለሁ» ብሎ ፎከረ። ሦስቱ ድንጋይ ተሸክመው እትዬ ጥሩወርቅ እግር ሥር ወደቁ። እሳቸውም ድምፅ በሰሙበት በኩል ፊታቸውን አዞሩ።

«ደርበው» አሉ፣ «ዓይኔን ልታተርፍልኝ ብለህ ነው። ግን ልጄ አፈር ውስጥ እያለ አሳቅኸኝ።»

ጋሽ ደርበው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ውብአንቺ፣ አልዋሸሽም፣ የልጄንም ስም ጠብቀሽልኛል። ግን የራሴን ሐዘን ይዤ ሰው ላጽናና ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሲጠረጥር እኔ ብቻ ሞኝ ሆንኩ።»

ውብአንቺ አለቀሰች።

«ምስክር፣ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። የዚያችንም ልጅ አተረፍክ። ግን እዚያው መቀመጤን እያየህ ነው የጻፍከው።»

«አዎ እትዬ» አለ፣ «እያየሁ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋዮቹን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ሦስታችሁንም ይቅር ብያለሁ፤ ተነሱ» አሉ። «ቤቱንም አልነሳችሁም፣ ገጹም አይዘጋ። ነገም ልጁ መንገድ ላይ ያለ ሰው አለ። ግን እንደኔ ያለ ቀን ሲመጣ ሦስታችሁም በየፊናችሁ አትሩጡ። ይነገር አይነገር የሚለው ቃል የአንዳችሁ ብቻ ይሁን፤ ሁለታችሁ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። የማን እንደሚሆን ሰፈሩ ይፍረድ። እኔ መፍረድ አልችልም፣ ተቃጥያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ተከራከሩ። አንዱ ለጋሽ ደርበው አለ፣ አንዱ ለውብአንቺ፤ ዘቢደር ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ «ለምስክር» አለች። ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው ወጡ። እስከ ዛሬ አልተፈረደም። አራተኛው ሳምንት ነው፣ ገጹ ላይ የውሃ ፈረቃ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሦስቱም እርስ በርስ አይነጋገሩም።

አሁን መጮህ ትችላላችሁ። ግን ከመጮሃችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡልኝ። ወሬው ዛሬ ደርሷል እንበል፤ ከአራቱ ደጅ አንዱ የእናንተ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቁም። የደረሳችሁ የጥሩወርቅ ወንበር ይሁን የዘቢደር አልጋ፣ ገና አልተነገራችሁም። እንግዲህ ፍረዱ፤ የመጨረሻው ቃል ከሦስቱ ለማን ይሰጥ?