የኬላው አንለይ ጠመንጃ ሲገዛ

ሰው ሁሉ የሚለው፣ መነሻውን ግን ማንም የማይጠይቀው ምሳሌ ብዙ ነው። አሁን የማወጋችሁም እንደዚያው ነው። ብዙዎች ለየዋህ ሰው ማስጠንቀቂያ ተብሎ የተነገረ ይመስላቸዋል። አይደለም። የደጀን ሽማግሌዎች ሲያወሩት፣ መጀመሪያ የተነገረው በአገሩ ከእሱ የባሰ ተጠራጣሪ ለማይገኝለት ሰው ነው። ለቀባሪው አረዱት ትሉ ይሆናል፤ እስኪ መጀመሪያ ስሙትና ፍረዱ።

አንለይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓባይ አፋፍ ኬላ ላይ ዕቃ ፈታሽ ነበር። የማር ገምቦ ይሁን የበርበሬ ስልቻ፣ በረጅም ወስፌው ሳይወጋ አሳልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜማ የአንድ ቄስ ጥላ አስዘርግቶ እጥፋቱን አንድ በአንድ ፈትሿል ይባላል። ሚስቱ እናንየ፣ «ወጥ ሳወጣለት እንኳ ሥጋ የደበቅሁበት ይመስል ከሥሩ ያማስለዋል» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ሰውም ስሙን ትቶ «ወስፌው» ይለው ጀመር።

ዕድሜው ገፍቶ ሥራውን በለቀቀ ጊዜ ጉዱ ፈላ። ገበያ ሲወጣ ነጋዴው ስልቻውን ያዞርበታል። ማኅበር ጠጣልን፣ ሠርግ ብላልን የሚለው ሰው ጠፋ። አንለይ መጀመሪያ «ምን ቢደብቁኝ ነው?» እያለ ይመራመር ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ገባው፤ ሰው ጠልቶታል። ይህ በሆዱ ይቆጠቁጠው ጀመር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

በዚያ ዘመን የደጀን ወንዶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው በታች ወዳለው ሸለቆ ወርደው ዒላማ ይተኩሱ ነበር። ድሮ የሚተኩሱት በምንሽርና በዲሞትፈር ነው። የእነዚያ ግን ጥይታቸው ውድ፣ ጩኸታቸው በሬ የሚያስደነብር፣ ምታቸውም ትከሻ የሚያበልዝ ሆነ። ኋላ ግን አፈሙዟ የጠበበ፣ ጥይቷ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ቀጭን ጠመንጃ መጣች። ለጦርነት አትሆን፣ ለአውሬ አትሆን፤ ለጨዋታ ግን የሚያህላት አልተገኘም።

የጨዋታው ዳኛ ባሻ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አንለይ አንድ ቀን አፍሮ፣ ተሽኮርምሞ እንዲያስገቡት ጠየቃቸው።

«ጠመንጃህን ይዘህ ና፤ ቦታ አናጣልህም» አሉት ባሻ። «ደግሞ ውድ አትግዛ። ቀለል ያለች፣ ጥይቷ ከሱቅ የማይጠፋ ትሁንልህ። ከፈለግህ አብሬህ ሄጄ ልሞክርልህ።»

ቦታ አናጣልህም ያሉት ቃል ልቡን አሞቀው። ልሞክርልህ ያሉት ግን እንቅልፍ ነሳው። «እኚህ ሽማግሌ ያለ ጥቅም ለምን ይደክማሉ? ከሻጩ ጋር ድርሻ ቢኖራቸው ነው» አለና ብቻውን ሄደ።

መጀመሪያ አንድ ባለሱቅ አዲስ ጠመንጃ አሳየው። ታምራለች፤ ጥይቷ ግን ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም። «ጠመንጃዋን በርካሽ ሰጥቶ በጥይቷ ሊያልበኝ ነው» ብሎ ተዋት። ቀጥሎ ሰደፏ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረች ጠመንጃ ከአንዲት ባልቴት ዘንድ አገኘ። ባልቴቲቱ «ነፍሱን ይማረውና ባሌ በእሷ ተኩሶ ስቶ አያውቅም» ብትለው፣ «የሞተ ሰው ምስክር አይሆንም» ብሏት ወጣ።

ሦስተኛዋን ያገኛት በገበያው ዳር፣ ሲራክ ከሚባል መንገደኛ ነጋዴ ዘንድ ነው። ቀላል ናት፣ ዋጋዋ መጠነኛ ነው፣ ጥይቷም በየሱቁ ሞልቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነገር መግጠሙ ራሱ አንለይን አስጠረጠረው። ሰደፉን አሸተተ። ስንጥቅ በሰም ተደፍኖ እንደሆነ ብሎ እንጨቱን በጥፍሩ ፋቀ። የማይለየውን ወስፌ አውጥቶ አፈሙዙ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ በውስጡ አየ፤ ያበራል፣ አንዲት ጉድፍ የለበትም።

«ለምን ትሸጣታለህ?» አለው።

«ነጋዴ አይደለሁ? ካልሸጥኩ ምን እበላለሁ፣ ጌታው?»

«ጥይቱን ከአንተ አልወስድም፤ ራሴ ከሱቅ እገዛለሁ።»

«ደግ።»

«ዒላማውንም የማቆመው እኔ ነኝ።»

«ኧረ እንደ ወደዱ!»

አንለይ ጥይቱን ገዛ። ሳንቃ ተሸክሞ ከገበያው ውጭ ካለ ገደል ሥር አቆመ፣ በከሰል ክብ ሣለበት፣ ስልሳ እርምጃ ቆጥሮ ተመለሰ። የቀረው ተመልካች ነው። የዚያች ቀጭን ጠመንጃ ቀዳዳ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ከሳንቃው ወደ ጎን፣ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ይቀመጣል፤ ጥይቱ ሲመታ «መታ»፣ ሲስት «ሳተ» ብሎ ይጮኻል። ሲራክ ዞር ዞር ብሎ አየና ሾላ ሥር የተጋደመ ሰው ጠራ። ውብአንተ ይባላል። ሰውየው እያፋሸገ ተነሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

አንለይ ተኮሰ።

«መታ!» አለ ውብአንተ።

ደግሞ ተኮሰ።

«መታ! ያውም ከመሀል!»

አንለይ ጠመንጃውን አስቀምጦ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት በጆሮው አምኖ ዕቃ አላሳለፈም፤ ሄዶ በዓይኑ ማየት አለበት። ሲራክም «ይሂዱ፣ ይዩት እንጂ» አለው፤ ምንም ቅር ያለው አይመስልም። አንለይ እኩሌታውን እንደ ሄደ ግን ውብአንተ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ኧረ ይኼ የማን እጅ ነው? እንዲህ ያለ ተኳሽ በዚህ አገር መኖሩን ማን ነገረን!»

አንለይ ባለበት ቆመ።

«ምን አልህ?»

«የወንድ እጅ ነው አልኩ፣ ጌታው! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አንዲት ይድገሙልን!»

ሰው በክፉም ቢሆን ከጠራው ስንት ጊዜው ነበር! እንዲህ ብሎ የጠራው ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ አልነበረም። ወደ ሳንቃው የጀመረውን መንገድ ትቶ ተመለሰና ሦስተኛውን ተኮሰ። «ልቡን አወጡት!» አለ ውብአንተ። አንለይ ዋጋ እንኳ ሳይከራከር ከፍሎ፣ ጠመንጃዋን አንግቶ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ገባ።

እሑድ ሲደርስ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሸለቆ ወረደ። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም ለባሻ ሲሉ ቦታ ለቀቁለት። ተራው ሲደርስ ተኮሰ።

«ሳተ!» አለ ተመልካቹ።

አምስቴ ተኮሰ፤ አምስቴም ሳተ። አንለይ ጨርቁን ጥሎ ሊያብድ ደረሰ። «ይዋሻል! ምን አብልታችሁት ነው?» አለ። ተያይዘው ሄደው ሳንቃውን አዩት፤ ንጹሕ ነው። «ለውጣችሁታል!» አለ ደግሞ። ባሻ ጠመንጃዋን ተቀብለው ተኮሱ። አቧራው ከሳንቃው ወደ ግራ ሁለት ክንድ ርቆ ቦነነ። ደገሙ፤ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ በአፈሙዙ ውስጥ አሻግረው አዩ።

«ያበራል» አሉ።

«እኔም አይቻለሁ፤ መስታወት ነው!» አለ አንለይ።

«በሽታዋ እሱ ነው፣ ልጄ። በውስጧ ጥይቱን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ የሚሰደው ጥምዝ መስመር ነበር። ከተኩስ ብዛት ተፍቆ አልቋል፤ የቀረው ቧንቧ ነው። ስትገዛ አልሞከርካትም?»

«ሞክሬያታለሁ! መታ፣ መታ ብሎኛል ውብአንተ የሚባል ሰው።»

ከተኳሾቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። «የሲራክ እህት ባል! ሁለቱም ማክሰኞ ዕለት ዓባይን ተሻግረዋል፤ ያውም በአንተው ኬላ!» ሌላው የማር ነጋዴ ደግሞ ሆዱን ይዞ፣ «የእኔን ገምቦ ስንቴ ወጋህ፣ ወስፌው! ሳንቃውን ምነው ሳትወጋው ቀረህ?» አለው።

ሸለቆው በሳቅ ተናጋ። አንለይ ፊቱ ደም መሰለ፤ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም ብሎ ቆርጦ ሊሄድ ሲል ባሻ የጋቢውን ጫፍ ያዙት።

«ሳንቃው ዘንድ ሄደህ ለምን አላየህም?»

«ልሄድ ተነሥቼ ነበር።»

«ታዲያ ምን መለሰህ?»

አንለይ አቀርቅሮ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም በሆነ ድምፅ፣ «የወንድ እጅ ነው አለኝ» አለ።

ሳቁም እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄደ። የማር ነጋዴው እንኳ መሬት መሬት አየ። ባሻ የገዛ ጠመንጃቸውን አንሥተው እጁ ላይ አኖሩለትና ትከሻውን ይዘው ከአጠገባቸው አስቀመጡት።

«በዚች ተኩስ። ስትመታ መታ፣ ስትስት ሳተ እንልሃለን። ውብአንተን አትመን፣ እኛን እመን አልልህም። ሻካራ ሻካራውን ሁሉ ዕድሜህን ስትፈትሽ ኖረህ፣ ለስላሳውን ሲያጎርሱህ ሳታላምጥ ዋጥኸው፤ ከእንግዲህስ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!»